ምንትዋብ፦ ስለ አንድ ብርቅ የሴት ስም የአንባብያን ጥያቄዎች

ስለ ልጆች ስም አወጣጥ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ምንትዋብ የሚለውን ስም የሚመለከቱት በርከት በማለታቸው፣ ዛሬ ዓምዱን ለእነርሱ ብቻ ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ አያቴ ምንትዋብ ይባሉ ነበር። ለምትወለደው ልጄ ስማቸውን ላወጣላት ብፈልግም ዘመዶቼ «የንግሥት ስም ነው፤ ይከብዳታል» እያሉ ያመነቱኛል። ምን ይላሉ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ዘመዶችዎ ስሞቹን ያቀላቀሉ ይመስለኛል። የቋራዋ ተወላጅ እቴጌ ምንትዋብ ሦስት ስም ነበራቸው፤ በክርስትና ወለተ ጊዮርጊስ፣ በዘውድ ብርሃን ሞገሳ፣ በዓለም ስማቸው ደግሞ ምንትዋብ ይባሉ ነበር። ይከብዳል ከተባለ የሚከብደው ብርሃን ሞገሳ ነው፤ እርሱን ለልጁ ያወጣ ወላጅ እስካሁን አልገጠመኝም። ምንትዋብ ግን «ምን ታምር!» እንደምንለው ሁሉ አራስ ቤት የገባች ዘመድ ሕፃኗን አይታ የምትናገረው ዓይነት አድናቆት ነው፤ የአያትዎም ስም መሆኑ ስሙ ከቤተ መንግሥት ውጭም በየቤቱ ይኖር እንደነበር ያሳያል። ያለ ሥጋት ያውጡላት።

ጥያቄ፦ እቴጌዪቱን ከስማቸው በቀር አላውቃቸውም። ልጄ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የአፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበሩ፣ እናቲቱ ራሳቸው ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር ገዙ፤ የቋራ ወንድሞቻቸውንና ዘመዶቻቸውንም በየሹመቱ ስላስቀመጡ ወገናቸው ቋረኞች ተብሎ ተጠራ። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ከነግቢው ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። ለልጅዎ መልካቸውን ማሳየት ከፈለጉ ደግሞ በጣና ሐይቅ፣ ከደቅ ደሴት ጋር በተያያዘችው ናርጋ ሥላሴ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከተሣለችበት ሥዕል ግርጌ በክብር ልብሳቸው እንደተዘረጉ በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። ያን ሁሉ ሥልጣን የያዙ ሴት በገዛ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን እንዲያ ሆነው መሣላቸውን መምረጣቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በቁስቋም ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተሰቡን ሕፃናት ሲያክም፣ ተዘግተው የነበሩት በርና መስኮቶች እንዲከፈቱና ቤቱ በዕጣንና በከርቤ እንዲታጠን አዝዞ ነበር። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠራቸው በማዕረጋቸው «እቴጌ» እያለ ነው፤ ስለዚህ ማዕረጋቸው ከስማቸው ቀድሞ አውሮፓ ገባ ማለት ይቻላል። የመጨረሻ ዘመናቸው መራራ ነበር፤ ልጃቸው በ1755 ሞቱ፣ የልጅ ልጃቸው አፄ ኢዮአስ በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ፤ እርሳቸውም በ1773 ዐረፉ።

ጥያቄ፦ ስሙ ለምን ጠፋ? በልጄ ክፍል ውስጥ አንዲት ምንትዋብ እንኳ የለችም። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አልጠፋም፤ አርጅቷል ቢባል ይሻላል። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ የቀድሞ ስሞችን ከፍና ዝቅ በቁጥር መከተል አይቻልም፤ ነገር ግን የአያቶችንና የልጅ ልጆችን ስም ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ለውጡን ለማየት አይቸገርም። ከምንትዋብ ጋር አብረው የራቁት ማንያህልሻል፣ ማንጠግቦሽ፣ የሺመቤትና እማዋይሽ ናቸው፤ ሁሉም ረዘም ያሉ፣ ሙሉ ሐሳብ የሚናገሩ ስሞች ናቸው። የከተማ ወላጅ በመጀመሪያ እንደ ሣራና ቤተልሔም ወዳሉት የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች፣ ቀጥሎም በውጭ ሰው አፍ ወደሚቀልሉት አጫጭር ስሞች አዘነበለ። ስሙ ተጠልቶ አይደለም፤ ባለስሟ አያት በሕይወት ሳሉ ስማቸውን ለሕፃን መድገም ብዙ ቤተሰብ ስለማይደፍር፣ አንድ ትውልድ ከዘለለ በኋላ የሚመልሰው ሰው ያጣል።

ጥያቄ፦ በላቲን ፊደል እንዴት ይጻፍ? የሚስቴ ወገን አንድ ዓይነት፣ የእኔ ወገን ሌላ ዓይነት ይጽፋሉ። (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ የታሪክ መጻሕፍት ከ«ኤም» ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ «ኢ» የሚባለውን ፊደል ይጠቀማሉ፤ አሜሪካዊ መምህር ግን ይህን አይቶ «ሜንትዋብ» ይላታል። «አይ» የሚባለው ፊደል ለ«ም» ድምፅ የተሻለ ስለሚቀርብ እኔ እርሱን እመርጣለሁ። ከምርጫው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ የሰፈረው አጻጻፍ በፓስፖርቷም፣ በክትባት ካርዷም፣ በትምህርት ቤት መዝገቧም ሳይለወጥ እንዲደገም ነው፤ አንዲት ፊደል ብትለያይ የምታስከትለውን ምልልስ በየቢሮው የተንከራተተ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ልጃችን በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። በዚያን ዕለት ምንትዋብ ሊባል ይችላል? (ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ ካህኑ የሚሰጧት የክርስትና ስም እንደ ወለተ ጊዮርጊስ ከቅዱሳን ጋር የተያያዘ ይሆናል፤ ምንትዋብ የቤትና የትምህርት ቤት ስሟ ሆኖ ይቀጥላል። እቴጌዪቱም እንዲሁ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ምንትዋብን ወድጄዋለሁ፤ ባለቤቴ ግን ረዘመበት። የሚቀርበው ሌላ ስም አለ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከዚያው ከውበት ቤት ሁለት አሉ። አንደኛው ተዋበች ነው፤ የራስ አሊ ልጅ የሆኑት የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት እቴጌ ተዋበች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር፤ ባለቤታቸውም እንደ ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው። ሁለተኛው፣ አጭሩ፣ ውቢት ነው። ይሁን እንጂ ውቢት የምንትዋብ ምራት፣ የአፄ ኢዮአስ እናት ስም እንደነበረና አማትና ምራት በቤተ መንግሥቱ ሥልጣን ክፉኛ እንደተሻሙ ልንገርዎት፤ በእርስዎ ቤት ምንትዋብ የምትባል አማት ካለች ተዋበችን ይምረጡ።