መልስ፦ የእናቴ ልብ ምት ይዘላል፣ ቡናው ይሆን?

እህቴ፣ እናትሽ ልባቸው ዘለል እያለ ስለሚመታ ቡና ያቁሙ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ጅማ ተቀምጦ ቡና ተዉ ማለት ከባድ ነው፤ ቀነስ ያድርጉና ይዩት። አልፎ አልፎ የሚዘል ምት ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ምቱ ጭራሽ ሥርዓት ካጣ ግን ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሊሆን ይችላል፦ የላይኛው የልብ ክፍል ይርገበገባል፣ ደም እዚያ ይረጋል፣ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። ስለዚህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወስደሽ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ ምርመራ) ይነሱ። ኢኮም (የልብ አልትራሳውንድ) ጠይቂ፤ እኛ አገር በልጅነት ቶንሲል የተጎዳ የልብ ቫልቭ (በልብ ውስጥ ደም የሚያልፍበት በር) ብዙ ነው።

ሕክምናው ምቱን የሚያረጋጋ እንደ ሜቶፕሮሎል ያለ ክኒን፣ ካስፈለገም ደም ማቅጠኛ ነው። ዋርፋሪን የተባለው ማቅጠኛ ከታዘዘ፣ ጎመን ኃይሉን ስለሚቀንስ አንድ ቀን ብዙ፣ አንድ ቀን ምንም አይሁን፤ ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየውን የደም ምርመራም አታስቀሪ። ራሳቸውን ከሳቱ ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል አድርሻቸው።