«ሊቋረጥ ሲል ነው» ተባልሁ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው፤ የምኖረው ቢቸና ነው። ከአምስት ወር ወዲህ የወር አበባዬ 10 እና 12 ቀን ይቆያል፤ የረጋ ደምም አለው። ክሊኒክ ሄጄ ሄሞግሎቢኔ (የደም መጠኔ) 9.2 ሆነ፤ በአልትራሳውንድ ግን «ማዮማ (የማሕፀን እጢ) የለም» ተባልሁ። ጎረቤቶቼ «ሊቋረጥ ሲል እንዲህ ያደርጋል» ይሉኛል። ዝም ልበለው?

መልስ፦ ዝም አይበሉት። ሊቋረጥ ሲል መዛባቱ እውነት ነው፤ ይህ የሚባለው ግን ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ሲታጣ ነው። ደንበኛው የወር አበባ በየ24 እስከ 38 ቀኑ መጥቶ ከ8 ቀን አያልፍም። የረጋው ደም ከአንድ ብር ሳንቲም የሚተልቅ ከሆነ ብዙ እየፈሰሰዎት ነው።

መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ። «በዚህ ዕድሜ?» እንዳይሉ፤ ውርጃም ከማሕፀን ውጭ የተቀመጠ እርግዝናም እንዲሁ ያደማል። ቀጥሎ ሐኪሙ የማሕፀን በርዎን በመሣሪያ ከፍቶ በዓይኑ ይይ። አልትራሳውንድ የማሕፀን በር ካንሰርን ሊያልፈው ይችላል፤ ይህ ምርመራ ሲዘለል ብዙ ጊዜ ይታያል። ዴፖ የሚወጉ፣ ሉፕ ያስገቡ ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ። የእንቅርት ሆርሞንም ይታይ።

ዋናው ግን ከማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ናሙና ማስወሰድ ነው። ከ45 ዓመት በላይ ላለች፣ እንዲህ ለምትደማ ሴት አልትራሳውንዱ ደኅና ቢልም ይህ አይቀርም፤ የሽፋኑን ካንሰርና ወደ ካንሰር የሚያመራ ውፍረት የሚለየው እሱ ነውና። እስክሪብቶ ቀፎ የመሰለ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በማሕፀን በር ገብቶ ጥቂት ሥጋ ይስባል፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያማል፤ ጨጓራና ኩላሊትዎ ጤነኛ ከሆኑ ከአንድ ሰዓት በፊት 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ያቀልለዋል። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የማሕፀን ስፔሻሊስት ዘንድ ይሂዱ። አልትራሳውንዱ የሚደገም ከሆነ ደሙ እንደቆመ፣ በብልት በኩል ይሁን፤ ያኔ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ፖሊፕ (ከሽፋኑ የሚበቅል ትንሽ ሥጋ) አይደበቅም።

9.2 የደም ማነስ ነው፤ ከ12 በታች ሁሉ ማነስ ነው፣ ደገኛ ላይ ደግሞ ልኩ ከዚያም ከፍ ይላል። ቀይ ሥር አይሞላውም፤ የብረት እንክብል ያሳዝዙ፣ ከቡናና ከሻይ ሁለት ሰዓት ያርቁት። ሰገራ ቢጠቁር አይደንግጡ።

ሁለት ሰዓት በተከታታይ በየሰዓቱ ሞዴስ ከሞላ ወይም ራስዎን ካዞረዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግቡ።