ኤድዋርድ ሰዒድን ለምታስተዋውቁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ሥነ ጽሑፍ በማስተማር ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። በእነዚህ ዓመታት መድረክ ላይ የወጣ ወጣት የአንድን ጸሐፊ ዲግሪና ሽልማት ደርድሮ ሲወርድ ስንቴ አይቻለሁ! ታዳሚው ያጨበጭባል። ስለ ሰውየው ግን ምንም ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለንባብ ክበባችሁ ስለ ፍልስጤማዊው ጸሐፊ ኤድዋርድ ሰዒድ ልትናገሩ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1935 ኢየሩሳሌም ተወለደ፤ ካይሮ አደገ፤ ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ2003 በደም ካንሰር ሞተ። ይህን ቶሎ ብላችሁ እለፉት።

ካይሮ ላይ ግን ቆም በሉ። የተማረበት ቪክቶሪያ ኮሌጅ የእንግሊዞች ትምህርት ቤት ነበር። አረብኛ ሲናገር የተገኘ ተማሪ ይቀጣል። እናቱ ቤት የሚያወራበት ቋንቋ ግቢው ውስጥ ጥፋት ሆነበት። በኋላም በእንግሊዝኛ ጻፈ፣ በእንግሊዝኛ ታወቀ። እስራኤልና የአረብ አገሮች የተዋጉበት የ1967ቱ ጦርነት ነው ልቡን ወደ ወገኖቹ የመለሰው። በ1972 ቤይሩት ሄዶ አንድ ዓመት ያህል አረብኛን ከነሰዋስዉ እንደገና ተማረ። ያኔ እኮ የኮሎምቢያ ፕሮፌሰር ነበር! ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ አድጋችሁ አማርኛ እየሰማችሁ ማንበብ ያቃታችሁ ልጆች፣ ይህን ታሪክ እናንተው ብትተርኩት ደስ ይለኛል።

በ1978 የወጣው «ኦሪየንታሊዝም» ስሙን በዓለም አስጠራው። ምዕራባውያን ስለ ምሥራቁ ዓለም የጻፉት ከገዢነታቸው ጋር የተቆራኘ መሆኑን ያሳየበት መጽሐፍ ነው። ብዙ አስተዋዋቂ እዚህ ላይ ያበቃል። እናንተ ቀጥሉ።

ከ1977 ጀምሮ በስደት ያሉት ፍልስጤማውያን እንደ ፓርላማ የሚያዩት የፍልስጤም ብሔራዊ ምክር ቤት አባል ነበር፤ በ1991 ለቀቀ። በ1993 በእስራኤልና በፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት መካከል የኦስሎ ስምምነት ሲፈረም ብዙዎች ሰላም መጣ ብለው ሲደሰቱ እሱ አጥብቆ ተቃወመ። የፍልስጤማውያኑን መሪ ያሲር አራፋትን በስም እየጠራ ወቀሰ። በ1996 አራፋት የሚመራው የፍልስጤም አስተዳደር መጻሕፍቱን ከዌስት ባንክና ከጋዛ መደብሮች አስለቀመ። አስቡት፣ ስንት ዓመት የጮኸላቸው ሰዎች አገር ውስጥ መጽሐፉ ታገደ። እሱ ግን መጻፉን አላቆመም፤ ወገኔ አይደላችሁም ብሎም አልራቃቸውም። እኛም ዘንድ የራሱን ወገን የተቸ ሰው «ከሃዲ» ለመባል ጊዜ አይፈጅበትም። ስለዚህ ይህን ክፍል እባካችሁ አታድበስብሱት። ታዳሚያችሁ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚቃወሙትንም አትደብቁ። የታሪክ ምሁሩ በርናርድ ሉዊስ ስለ «ኦሪየንታሊዝም» በ1982 በጽሑፍ ተከራክሮታል። የሁለቱንም ሐሳብ በአጭሩ አስረዱ።

ከዚያ ከራሱ ጽሑፍ አንድ ገጽ ተርጉማችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ የቀረውን ሰዓት ለጥያቄ ተዉት። ተቆጥቶ የሚነሳ ሰው ካለም አታቋርጡት፤ ጨርሶ ይናገር።