ፈረስ ነክቼ አላውቅም፤ ላግዝ እችላለሁ? ስለ ህክምናዊ ግልቢያ በጎ ፈቃደኞችና ቦርድ ጥያቄና መልስ

አካል ጉዳተኞችንና የእድገት እክል ያለባቸውን ልጆች በፈረስ ግልቢያ በሚያግዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ። መጀመሪያ ጋጣ እጠርግ ነበር። ቀጥሎ ከጋላቢው ጎን የሚሄድ ደጋፊ ሆንኩ። አሁን ቦርድ ውስጥ ነኝ። ያላችሁን ጥያቄ ጠይቁኝ ብዬ ነበርና ብዙ መጣልኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ተማሪ ነኝ። ፈረስ ነክቼ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር እፈራለሁም። እንደዚህ ሆኜ ላግዝ እችላለሁ?

መልስ፦ በሚገባ ትችያለሽ። ከሚደፍር ሰው የሚጠነቀቅ ሰው ይሻለኛል። የፈረስ ዓይኖች በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። ከግንባሩ ፊት ለፊት በቅርብና ከጀርባው ያለውን ግን አያይም። ስለዚህ በትከሻው በኩል፣ ድምፅሽን እያሰማሽ ቅረቢው። የቀረውን ያስተምሩሻል።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ፤ እመጣለሁ ያልሽበት ቀን አትቅሪ። ሚዛኑን መጠበቅ የማይችል ልጅ ፈረስ ላይ ሲወጣ አንድ ሰው ፈረሱን ይስባል። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይደግፋል። አሰልጣኝ ትምህርቱን ይመራል። ለአንድ ልጅ አራት ሰው ማለት ነው። አንዱ ከቀረ ልጁ ሄልሜቱን እንዳጠለቀ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ያችን ግማሽ ሰዓት ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቅ የከረመ ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ የጎን ደጋፊ ሆኜ ተመድቤያለሁ። ከፈረሱ ጎን መሄድ ብቻ ነው እንዴ?

መልስ፦ እግርህ ይሄዳል፤ ስራው ግን እጅህና ዓይንህ ላይ ነው። ብዙ ድጋፍ ለሚፈልግ ጋላቢ ክንድህን በጭኑ ላይ አሳልፈህ የኮርቻውን የፊት ጫፍ ትይዛለህ። ክንድህ ጭኑ ላይ ቀለል ብሎ ይረፍ እንጂ አትደገፍበት። ከተደገፍክበት ልጁ ወደ አንተ ያዘነብላል፤ ክርንህም የፈረሱን ጎን ይወጋዋል። ፈረሱ ደግሞ ጎኑ ሲነካ «ሂድ» ማለት ነው ብሎ ነው የለመደው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ክንድህ ይዝላል። ያኔ ተናገር። ፈረሱ ይቆማል፤ ከዚያ ሁለታችሁ ተራ በተራ ጎን ትቀያየራላችሁ። በአንድ ጊዜ ልጁን መልቀቅ የለም።

ሌላው ዝም ማለት ነው። አሰልጣኟ «ፈረሱን አቁመው» ስትል ልጁ ወዲያው ላያደርገው ይችላል። አንዱ ከግራ «ሳበው»፣ ሌላው ከቀኝ «በርታ፣ ሳበው እንጂ» ካለ ልጁ የማንን እንደሚሰማ ይጠፋዋል። በልብህ እስከ አስር ቁጠር። አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ጣቶቹ የኮርቻውን እጀታ ጭምድድ አድርገው ይይዙ ነበር። «ልጓሙን ያዝ» ተባለ። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ላላ። ቆየ። ከዚያ ሌባ ጣቱ። እጄን እየበላኝ ነበር፣ ልረዳው። ስምንት ላይ ስደርስ ልጓሙን ያዘ። እጄን ብሰድ ኖሮ ያንን ከእሱ እነጥቀው ነበር።

ጥያቄ፦ በእርግጥ ይሰራል? ወይስ ልጆቹ ስለሚደሰቱ ብቻ ነው?

መልስ፦ ፈረስ በእርምጃ ሲሄድ የጋላቢውን ዳሌ ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ታች ያንቀሳቅሰዋል። ይህ ሰው በእግሩ ሲሄድ ዳሌው ከሚያደርገው ጋር በጣም ይቀራረባል። በእግሩ ሄዶ የማያውቅ ልጅ እንኳ ወገቡ የመራመድን ስሜት ያገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ እክል) ያለባቸውን 15 ልጆች ለሁለት ከፈለ። ከፊሎቹ ለ8 ደቂቃ ፈረስ ላይ፣ ከፊሎቹ ለ8 ደቂቃ በርሜል ላይ ተቀመጡ። የግራና የቀኝ ጡንቻዎቻቸው ሚዛን የተሻሻለው ፈረስ ላይ የነበሩት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ኦቲዝም ባለባቸው 127 ልጆች ላይ የተደረገ የ10 ሳምንት ጥናት ወጣ። የጋለቡት ልጆች ብስጭታቸውና ቅብጥብጥነታቸው ቀንሶ ተገኘ። የመጀመሪያው ጥናት ትንሽ ነው። ስለዚህ ለወላጅ «ልጅሽ ይራመዳል» ብላችሁ ተስፋ አትስጡ።

አንድ ልዩነትም እወቁ። ፊዚዮቴራፒስት ወይም ሌላ የህክምና ባለሙያ የፈረሱን እንቅስቃሴ ለህክምና ሲጠቀምበት ሂፖቴራፒ ይባላል። ህክምናዊ ግልቢያ ግን ለጋላቢው አቅም የተስተካከለ የግልቢያ ትምህርት ነው። በበራሪ ወረቀታችሁ ላይ ሁለቱን አትቀላቅሉ። አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይሉ የለ? እዚህም ፈረሱ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሰው ስራ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ ዳውን ሲንድረም አለባት። ፈረስ በጣም ትወዳለች። ያለ ሐኪም ወረቀት አንቀበልም አሉኝ። አግላችሁን ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፤ ቢመስልሽም አልፈርድብሽም። ዳውን ሲንድረም ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ የአንገት የመጀመሪያዎቹ ሁለት አጥንቶች መገጣጠሚያ የላላ ነው። ከውጭ ሲታይ ላያስታውቅ ይችላል። የፈረስ ንቅናቄ እንዲህ ባለ አንገት ላይ አደጋ ነው። በመድኃኒት ያልተገታ የሚጥል በሽታ፣ መቀመጫ አካባቢ ያለ ቁስል፣ የዳሌ መውለቅም እንዲሁ ሐኪም ያስጠይቃሉ። ሐኪሙ ከፈቀደላት በደስታ እንቀበላታለን። ካልፈቀደ ደግሞ ፈረስ መቦረሽ፣ መመገብ፣ ገመድ ይዞ አብሮ መሄድ አለ። ከመሬት ሳይነሱም ብዙ ይሰራል።

ጥያቄ፦ ፈረሱ ቢደነብርስ?

መልስ፦ ሳቢው ከፈረሱ ጋር ይቀራል፤ ደጋፊዎቹ ከጋላቢው ጋር። እንዳትረሱት። ደጋፊ ሆኖ ገመድ ለመያዝ የሚሮጥ ሰው ልጁን ጥሎ ነው የሚሮጠው። አትጩኹ። ክንዳችሁን ጭኑ ላይ አጥብቁ፤ አሰልጣኙ «አውርዱት» ሲል ብቻ አውርዱ። ይህንን ባዶ ሜዳ ላይ፣ ጤነኛ ሰው አስቀምጣችሁ ደጋግማችሁ ተለማመዱት።

ጥያቄ፦ አካል ጉዳተኛ እውነተኛ ውድድር ላይ ደርሶ ያውቃል?

መልስ፦ እንዴታ! ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል እ.ኤ.አ. በ1944 ፖሊዮ ይዟት ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆነች። በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በድሬሳዥ (ፈረሱን በስልት በማንቀሳቀስ የሚደረግ የግልቢያ ውድድር) የብር ሜዳሊያ ወሰደች። ፈረሷ ላይ ስትወጣና ስትወርድ ሰው ያግዛት ነበር። በ1956 ብሩን ደገመችው። ፓራ ድሬሳዥ፣ ማለትም የአካል ጉዳተኞች ድሬሳዥ፣ ከ1996 ጀምሮ በፓራሊምፒክ አለ።

ጥያቄ፦ የቦርድ አባል እንድሆን ተጠየቅኩ። የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ስለ ፈረስ ግን የማውቀው የለም። ምን እጠቅማለሁ?

መልስ፦ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ሞልቶናል፤ ያጣነው እርስዎን ነው። በሙሉ ልብ ይግቡ።

የዚህ ስራ ሂሳብ ለየት ይላል። ትምህርት ቢዘጋ፣ ዝናብ ሜዳውን ቢያጨቀየው፣ አሰልጣኝ ቢታመም፣ ፈረስ ይበላል። በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ገደማ ይፈልጋል። 450 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ወደ 9 ኪሎ ድርቆሽ ማለት ነው። ሰኮናው በየ6 እስከ 8 ሳምንት ይከረከማል። ጥርሱ በዓመት አንዴ ይታያል። የሆድ ቁርጠት በእኩለ ሌሊት ቢይዘው የእንስሳት ሐኪም ይጠራል፤ ፈረስ ማስመለስ ስለማይችል ነገሩ አያድርም። ስለዚህ በመጀመሪያው ስብሰባዎ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ዛሬ ልገሳ ቢቋረጥ ፈረሶቹን ስንት ወር መመገብ እንችላለን?» መልሱን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ስራዎ እዚያው ጀመረ።

ደግሞ የፈረሶቹን የስራ ሰዓት ይጠይቁ። ተመዝጋቢ ሲበዛ ቦርድ ደስ ይለዋል፤ የሚሸከመው ግን ፈረሱ ነው። ኮርቻው ሲጠፈር ጆሮውን ወደኋላ የሚያስተኛና ለመንከስ የሚዞር ፈረስ ወይ አሞታል ወይ በቃኝ እያለ ነው።

ጥያቄ፦ ቦርድ ውስጥም ነኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜም በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ችግር አለው?

መልስ፦ ጥሩ ነው፤ ግን ጋጣው በር ላይ የቦርድ አባልነትህን አውልቀህ ግባ። ሜዳው ላይ አለቃህ አሰልጣኟ ናት። ያልተመቸህን ነገር ካየህ ለስራ አስኪያጁ ንገር እንጂ ሰራተኞችን እዚያው አትዘዝ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በትምህርት መሃል ፈረስ ይቀየር ብዬ ትዕዛዝ ሰጠሁ። ሳቢዋ ማንን እንደምትሰማ ግራ ገባት። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ያረጀ ፈረሱን በነፃ ሊሰጠን ነው። እንቀበል?

መልስ፦ ነፃ ፈረስ የለም፤ ድርቆሹ የእናንተ ነው። ዕድሜው ብቻውን አያስጥለውም፤ ረጋ ያለ አሮጌ ፈረስ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። የሚያነክስ ከሆነ ግን አይሆንም። የተዛባ እርምጃው በቀጥታ ወደ ልጁ ወገብ ይገባል። በሙከራ ጊዜ ውሰዱት። ዊልቸር፣ ክራንች፣ ኳስ፣ ድንገተኛ ጩኸት አሳዩት። ጡረታ ሲወጣ የት እንደሚሄድም ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ይስፈር።

ጥያቄ፦ የልጆቹን ፎቶ ለለጋሾች ማሳየት ይቻላል?

መልስ፦ ወላጅ በጽሑፍ ከፈቀደ ብቻ። መናገር የሚችል ልጅ ከሆነ እሱም ይጠየቅ። በዚሁ አጋጣሚ፣ ማንም አዋቂ ከልጅ ጋር ብቻውን አይሁን፤ የቦርድ ሰብሳቢም ቢሆን።

ጥያቄ፦ አንድ ፈረሳችን ሞተ። ለልጆቹ ምን እንበላቸው?

መልስ፦ አዝናለሁ። መጀመሪያ ለወላጆች ደውሉ፤ ልጁ ወደ ትምህርቱ ከመምጣቱ በፊት። ለልጁ «ሞተ» በሉት። «ተኝቷል» ወይም «ሩቅ ሄዷል» አትበሉት፤ ብዙዎቹ ልጆች የሰሙትን ቃል በቃል ነው የሚይዙት፤ ይመለሳል ብለው ይጠብቃሉ። ጋጣውን ማየት ከፈለገ አሳዩት። ለበጎ ፈቃደኞችም በዚያው ቀን ንገሩ። በየቅዳሜው ጋማውን ስታበጥርለት የኖረች ሴት ብሩሿን ይዛ መጥታ ባዶ ጋጣ ማግኘት የለባትም።