ጥያቄና መልስ፦ የታተመ ጀብዱ ወይስ የራስ ፈጠራ?

ዲ ኤንድ ዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ገጸ ባሕርይ ሆነው በዳይስና በምናብ የሚጫወቱት ጨዋታ) መምራት ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ያላችሁን ጠይቁ። አስቀድሜ ግን፦ ጀብዱውን (የምትጫወቱትን ታሪክ) ሙሉውን ሳታነቡ ዲኤም (የጨዋታው መሪ) ሆናችሁ አትቀመጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለጀማሪ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ስንት ናችሁ? ስንት ሰዓት አላችሁ? እንዲህ ተድበስብሶ ተጠይቆ አይመለስም።

ጥያቄ፦ አምስት ነን፣ ሁላችንም አዲስ፤ እሁድ እሁድ ሦስት ሰዓት ያህል።

መልስ፦ አሁን ገባኝ። የታተመ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከስታርተር ሴቱ (ከጀማሪዎች ሳጥን) ጋር የወጣው «ሎስት ማይን ኦፍ ፋንዴልቨር» ከሌቭል (የገጸ ባሕርይ ደረጃ) 1 እስከ 5 ያደርሳችኋል።

ጥያቄ፦ እኛ እሱን ጀምረን ገና መንገዱ ላይ አራቱ ጎብሊኖች (ትናንሽ ጭራቆች) ፈጁን። «የታተመ አይረባም፣ ራስህ ጻፍ» እያሉኝ ነው።

መልስ፦ አንብበኸዋል? የጎብሊን ቀስት ጉዳቱ 1ዲ6 (የአንድ ባለስድስት ጎን ዳይስ ውጤት) ሲደመር 2 ነው፤ 8 ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) ያለው ዊዛርድ (አስማተኛ) ባንድ ቀስት ሊዘረር ይችላል። ተኩሶም በዚያው ተራ ቁጥቋጦው ውስጥ ይሸሸጋል። ከባድ ነው፣ አልክድም። ግን ጎብሊኖቹ ካሸነፉ ገጸ ባሕርያቱን ዘርፈው፣ ራሳቸውን እንደሳቱ ትተዋቸው ይሄዳሉ ይላል እኮ መጽሐፉ! የገደልካቸው አንተ ነህ። ሙሉውን አንብቡ ያልኩት ለዚህ ነው።

— ጎብሊኑን በጅብ ብንተካውስ?
— ጅብ ቀስት ይተኩሳል?
— ቡዳ ከሆነ ማን ያውቃል!
— እናንተ ዳንጀንን (ጭራቆቹ ያሉበትን የምድር ውስጥ ቦታ) ምን ትሉታላችሁ? እኔ «ወህኒ ቤት» ብል ተጫዋቾቼ ጠበቃ ጠየቁ።

መልስ፦ ዋሻ በሉትና እንቀጥል።

ጥያቄ፦ የራሴን ዓለም 40 ገጽ ጽፌያለሁ፣ የነገሥታቱን የዘር ሐረግ ጨምሮ።

መልስ፦ ማንም የንጉሡን ቅድመ አያት አይጠይቅህም። የጠጅ ቤቷን ባለቤት ስም ነው የሚጠይቁህ፣ እሱን ደግሞ አልጻፍከውም።

ጥያቄ፦ ሁለቱን መቀላቀልስ?

መልስ፦ ተባረክ! ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ። ከዲ ኤንድ ዲ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነውን የጋሪ ጋይጋክስን ጀብዱ «ኪፕ ኦን ዘ ቦርደርላንድስ» ተመልከት (ልትጫወተው ያሰብክ ግን ይህን ዝለል)። ካርታው፣ ዋሻዎቹ፣ ጭራቆቹ ተቆጥረው ተቀምጠዋል፤ የምሽጉ ሰዎች ግን ማዕረግና ሥራ እንጂ ስም የላቸውም። ስሙ የዲኤሙ ድርሻ ነው። እኔ አዛዡን ፊታውራሪ አልኩት። እዚያ አንድ ሳቂታ ቄስ አለ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ፤ እሱን ደብተራ አድርጌ ጠጅ በጠጡ ቁጥር ሒሳብ እንዲከፍልላቸው አደረግኩ። ወደዱት። በሦስተኛው እሁድ ዋሻው ውስጥ ሲከዳቸው አንዷ እርሳሷን ወረወረችብኝ። ካርታ ግዙ፣ ሰዎቹን ራሳችሁ ፍጠሩ። እኔ የምለው ይኼው ነው።

— ደብተራን እንዲህ ማድረግ ግን ነውር አይደለም?
— ጨዋታ ነው አንተ!

ጥያቄ፦ የጀብዱውን ፒዲኤፍ ላክልን።

መልስ፦ አልልክም። የጨዋታው መሠረታዊ ሕግ፣ ኤስአርዲ 5.1 የሚባለው ሰነድ፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ (ማንም እንዲጠቀምበት በሚያስችል ፈቃድ) ነጻ ነው። ጀብዱ ግን ውስጡ የለም።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው፤ ለጀማሪ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ይቺንም ሳታነብ መጣህ?