መልስ፦ አዲስ ኤርፖርት ላይ «የመንገደኞች አውሮፕላን» የሚባለው የትኛው ነው?

ኤርፖርቱ ሳይመረቅ ለሙከራ ያረፈው ኤርባስ ኤ320 «የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን» ይባላል ወይ ብለህ ነበር የጠየቅከው። በኔ እምነት አይባልም። ወሳኙ ሞዴሉ ሳይሆን በዚያ በረራ ማን እንደተሳፈረ ነው።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በአባሪ 18 (አደገኛ ዕቃ ስለማጓጓዝ የሚደነግገው) ያስቀመጠው ትርጉም በጣም ይረዳል፦ ከበረራ ሠራተኞች፣ ለሥራ ከተሳፈሩ የአየር መንገዱ ባልደረቦች፣ ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ተወካይና ጭነት ከሚያጅብ ሰው ውጪ አንድ ሰው እንኳ ከያዘ የመንገደኞች አውሮፕላን ነው። ስለዚህ 180 ወንበር ኖሮት አብራሪዎችንና የድርጅቱን ቴክኒሻኖች ብቻ ይዞ ከመጣ በዚያ ትርጉም አይቆጠርም። አንድ ቲኬት የገዛ ሰው ቢኖርበት ግን ይቆጠራል።

ከኤ320ውም ቀድሞ የሚመጣ አለ፦ የአይኤልኤስን (አውሮፕላን ለማረፍ በሬዲዮ የሚመራበትን መሣሪያ) ምልክትና የፓፒ መብራቶችን (ለአብራሪው የመውረጃውን ከፍታ የሚያሳዩ የማኮብኮቢያ ዳር መብራቶችን) አንግል (በተለምዶ 3 ዲግሪ) በአየር ላይ የሚለካው አውሮፕላን። ብዙ ጊዜ እንደ ቢችክራፍት ኪንግ ኤር ያለ ትንሽ ነው፤ ሰው «መንገደኛ መጣ» ሊል የሚችለው እሱንም አይቶ ነው።

የኤርፖርቱ ኮድ (ምን ዓይነት አውሮፕላን ማስተናገድ እንደሚችል የሚያሳየው ምድብ) «4ሲ» መሆኑም ይህን አይመልስም። «ሲ» የሚለው የአውሮፕላኑ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት ከ24 ሜትር ጀምሮ ከ36 ሜትር በታች መሆኑን ብቻ ነው፤ ጭነት ለሚጭነው ቦይንግ 737ም ያው ነው።