ምን ተቆረጠ?

ጥያቄ፦ አንድ ሰባኪ 2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥15 ላይ «የእውነትን ቃል በቅንነት የሚናገር» የተባለው በግሪኩ «አቅንቶ የሚቆርጥ» ማለት እንደሆነ አስተማሩን። ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ስለነበር የሙያውን ቋንቋ ነው የተጠቀመው አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ቃሉ «ኦርቶቶሜኦ» ነው፤ «ኦርቶስ» ቀጥ ያለ፣ «ቴምኖ» ደግሞ ቆረጠ። ድንኳኑን ግን አልቀበልም። «ትኬት ቆረጥኩ» ካለ ሰው እጅ መቀስ የሚፈልግ የለም። በግሪክም ቀድሞ የሚጠየቀው «ምን ተቆረጠ?» ነው።

ሐኪም ሲቆርጥ ቀዶ ሕክምና ነው። መርከብ ባሕር ሲቆርጥ አቋርጦ መሄዱ ነው፤ በጥንታዊው የሆሜር ግጥም በኦዲሴይ የግሪኩ ንጉሥ ኔስቶር ወደ ኤውቦያ ደሴት ስላደረጉት ጉዞ ሲተርክ የሚናገረው በዚሁ ግስ ነው። ጦር ምድርን ሲቆርጥ ነገሩ ይከፋል። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ ስፓርታውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431፣ እህሉ በደረሰበት ወቅት፣ የአቴናውያን አገር አቲካ ገብተው ኤሌውሲስ የተባለችውን ከተማ «ቆረጡ» ሲል አዝመራውን አወደሙ ማለቱ ነው።

መሐላም ይቆረጣል፤ ቃል ኪዳን መግባት ማለት ነው። በሌላው የሆሜር ግጥም፣ በኢሊያድ 3ኛ መጽሐፍ፣ የግሪኮቹ የበላይ ንጉሥ አጋሜምኖን ከሰይፉ ሰገባ ጎን የምትንጠለጠለውን ቢላዋ መዝዞ ከግልገሎቹ ራስ ላይ ጸጉር ይቆርጣል፤ አዋጅ ነጋሪዎቹም ለሁለቱም ወገን፣ ለግሪኮችና ለትሮያውያን፣ መኳንንት ያድሉታል። ጸሎቱን ሲጨርስ የግልገሎቹን ጉሮሮ ይቆርጣል። ቢላዋውና ቃል ኪዳኑ እንዲህ አንድ ላይ ሲገኙ ቀጥተኛውን ፍቺ ከምሳሌያዊው ልለይ ማለት ከንቱ ድካም ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። «ኦርቶቶሜኦ» በግሪኩ ብሉይ ኪዳን ምሳሌ 3፥6 ላይ ይገኛል፤ የተቆረጠውም መንገድ ነው። በአማርኛችን «ጎዳናህን ያቀናልሃል» የተባለው ነው። እንግዲህ ጳውሎስ ይህን መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ሳለ ቆዳና መርፌ ውስጥ ምን አስገባን? የእውነትን ቃል ሳያጣምም፣ በቀናው መንገድ የሚመራ ማለቱ ይመስለኛል። «በቅንነት» ያሉት ተርጓሚዎቻችንም «ቀና»ን ይዘው «ቆረጠ»ን መተዋቸው ያስመሰግናቸዋል።

ቅር የሚለኝ ፊልጵስዩስ 3፥2 ላይ ነው። ጳውሎስ መገረዝን «ፔሪቶሜ» ከማለት ይልቅ ሆን ብሎ «ካታቶሜ»፣ መቆራረጥ፣ ብሎ ተሳልቋል። የእኛው «ሐሰተኛ መገረዝ» ጨዋ ነው፤ ስላቁን ግን አስቀርቶታል። ቢላዋው መታየት የነበረበት እዚያ ነው።